ጌጤ ስለ ሣር የጻፈችው

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ልጁን ሲድር ደብረ ብርሃን ዳር አዲስ በተከፈተ የባህል አዳራሽ ውስጥ ጠራን። አዳራሹ ከውጭ ሲያዩት ብሎኬት ነው፤ ከውስጥ ግን ጣሪያውን ሣር አልብሰውታል። ለጌጥ! ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ሣር። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፣ "ይሄ ሣር የተሠራው ለዝናብ ሳይሆን ለካሜራ ነው" ብዬ አጠገቤ የተቀመጡትን አሳቅኩ። ሳቁ ሳያልቅ ዝናቡ መጣ። ቆርቆሮው በአንድ በኩል ያፈስ ኖሮ ሣሩ ረጠበና ሽታው ቁልቁል ወደ ማዕዱ ወረደ። እንዴት ያለ ሽታ ነው ብትሉኝ እርጥብ የበግ ጠጉርና የቆየ ጭስ አንድ ላይ እንደማለት ነው፤ ከዚህ በላይ መግለጽ ያቅተኛል፣ ያውም ሥራዬ ሌላውን ሰው መግለጽ ማስተማር ሆኖ። የጓሳ ሣር ነበር። የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ ማዕዱ ላይ አኖርኩት። ባለቤቴ ጎኔን ነካ አድርጋ "ምነው፣ ቃር ነው?" አለችኝ። "አዎ፣ ቃር ነው" አልኳት። ይህን ያህል ዘመን ስንኖር ያልነገርኳትን ነገር በሰው ሠርግ መካከል ከየት ልጀምረው?

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ ሁሉም ነገር "አዲስ" የሚባልበት ነበር። አዲስ ሥርዓተ ትምህርት፣ አዲስ መጽሐፍ፣ አዲስ ስብሰባ። እኔም አዲስ መምህር ነበርኩ። የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ ማሽላ እየበላሁ፣ ፀሐይ እየሞቅሁ ያደግኩ ሰው። ከማሠልጠኛ ስወጣ ዕጣዬ መንዝ ሆነ። አይሱዙ ላይ ከኩንታል በላይ ተቀምጬ፣ ሞላሌን አልፌ መሐል ሜዳ ስገባ የለበስኩት ቡናማ ተርጋል ሱሪና ስስ ሸሚዝ ነው፤ ጫማዬ ሸራ። ጥርሴ ሲንገጫገጭ የሰሙ አንዲት ባለ ሻይ ቤት "ውይ የኔ ልጅ! ማነው እንዲህ ራቁትህን የላከህ?" ብለው የባላቸውን በርኖስ ከግድግዳ አውርደው ጣሉብኝ። ሻይ ያኔ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ሁለት ጠጥቼ የአንዱን ብቻ ተቀበሉኝ። በመጀመሪያ ደመወዜ ከገበያው ጥግ፣ ዝተትና ባና የሚባሉ የጠጉር ብርድ ልብሶች ከሚሸጡበት፣ የራሴን ጥቁር በርኖስ ገዛሁ። ከበርኖስ ሻጮቹ ማዶ አንድ ካሴት ቤት ነበረ፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ያንኑ አንድ የፍቅር ዘፈን ሲያላዝን ይውላል። ደመወዝ ልንቀበል በወር አንድ ጊዜ በእግራችን ስንመጣ እኛ የገጠር መምህራን እዚያ በር ላይ ቆመን ግጥሙን በቃላችን እናጠና ነበር። ካሴቱን የሚገዛ ግን የለም፤ ማጫወቻ ያለው ማን ነው? ዛሬ ያ ጥግ የሞባይል መሸጫ ሆኗል አሉ። ከዘፈኑም የመጀመሪያው ስንኝ ትዝ ይለኛል፣ ቀጣዩ ይጠፋኛል።

ትምህርት ቤቱ ከመሐል ሜዳ የግማሽ ቀን መንገድ ነበር፣ ጓሳ ከሚባለው የሣር አምባ አፋፍ ሥር። አራት ክፍል የድንጋይ ቤት፣ አንድ ደወል የሆነ የመኪና ቸርኬ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጉም። ጉሙ ከላይ ከጓሳ እየተንከባለለ ይመጣና ግቢውን ሲሸፍነው ሰንደቅ ዓላማው እንኳን አይታይም። ርዕሰ መምህሩ መርሻ ይባላል፤ የአገሩ ልጅ ነው፣ እሱም ወጣት፣ እኔን "አንተ የቆላ ሰው" እያለ ሲቀልድብኝ የሚውል። እኔ የተሰጠኝ አራተኛ ክፍል አማርኛ ነው። አዲሱ መጽሐፍ ላይ ታዲያ አንድ ምዕራፍ መጣብን፤ ገላጭ ጽሑፍ። ልጆቹ ተረትና ደብዳቤ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ጽፈው አያውቁም። "ስለ በግ ጻፉ" ብላቸው አንዱ "ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት በግ ነበረች" ብሎ ጀመረ። ሌላዋ "ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል" ብላ ለበጓ ደብዳቤ ጻፈችላት። ቤተ ክርስቲያን ዳዊት የደገመው ደግሞ ሦስት መስመር ጽፎ "ለዓለመ ዓለም፣ አሜን" ብሎ ዘጋው። ደብተሮቹን ማታ ስቄ ስቄ ነው ያረምኳቸው፤ ጠዋት ላይ ግን እልህ ያዘኝ።

የማዳበሪያ ከረጢት ገልብጬ፣ የባትሪ ድንጋይ ሰብሬ ከከሰሉ ቀለም አበጀሁና አራት ጥያቄ ጻፍኩ። ምንድን ነው? ምን ምን አለው? እንዴት ነው የሚሠራው ወይም የሚሆነው? ለምን ይጠቅማል? ከረጢቱን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ከሥሩ ደግሞ ቃላቱን ደረደርኩ፤ በመጀመሪያ፣ ከዚያ በኋላ፣ ምክንያቱም፣ ለምሳሌ፣ በመጨረሻም። አንድ ቀን ማጭድ፣ አንድ ቀን እንዝርት፣ አንድ ቀን የመርሻን አሮጌ ራዲዮ እያመጣሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለሁ። "ይህን ነገር አይቶት የማያውቅ ሰው፣ የሩቅ አገር ሰው፣ ጽሑፋችሁን አንብቦ እንዲያውቀው አድርጉ" እላለሁ። "የእናንተን በግ ሳይሆን በግን! የአባታችሁን ማጭድ ሳይሆን ማጭድን!" እላለሁ። "በዓይናችሁ ያያችሁትን በቅደም ተከተል፤ አንድም ነገር ሳትዘሉ!" እላለሁ። ወገቤን ይዤ ስንጎራደድ በርኖሴ ወለሉን ይጠርግ ነበር። አምላኬ ሆይ፣ እንዴት ራሴን እንደምወድ! ዛሬ ጡረታ ወጥቼ ሳስበው ያን ጎረምሳ ጆሮውን ይዤ ማስቀመጥ ያምረኛል።

ጌጤ ሦስተኛው ዴስክ ላይ፣ በግድግዳው በኩል የምትቀመጥ ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ቢሆን ነው። እናቷ በወሊድ የሞቱባት፣ ሁለት ታናናሾቿን እያጠበች፣ እያበላች፣ ከዚያ ሮጣ ክፍል የምትገባ። ዘግይታ ስትመጣ "የት ነበርሽ?" አልላትም፤ እጇ ላይ ያለው የሊጥ ቅርፊት ይናገራል። አትናገርም፣ እጇን አታወጣም። ስትጽፍ ግን! ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተሯን ከላይም ከታችም፣ ኅዳጉንም ሳትተው እንደ ገብስ ማሳ ሞልታዋለች፤ ደብተር ያኔ አንድ ብር አይሞላም ነበር፣ ለነሱ ግን አንድ ብርም ብር ነው። ስለ እንዝርት የጻፈችውን ያነበብኩ ቀን ደብተሯን ይዤ ወደ መርሻ ሮጥኩ። "ይህቺ ልጅ ደብረ ብርሃን ትገባለች፣ አዲስ አበባ ትገባለች፣ ትልቅ ሰው ትሆናለች" አልኩት። መርሻ "አባቷ ንጋቱ ደሀ ነው፣ ቀስ በል" አለኝ። እኔ መቼ ቀስ እላለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አባቷን መንገድ ላይ አግኝቼ "ልጅዎን እስከ መጨረሻው ማስተማር አለብዎት" ብዬ አስማልኳቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። "እግዚአብሔር ያውቃል፣ መምህር። እስከቻልኩ አላስቀራትም" አሉኝ። አላስቀሯትምም ነበር፤ ያስቀረኋት እኔ ነኝ።

ሰኔ ገባ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል የወላጆች ቀን ይደረጋል፤ ጥሩ ጽሑፍ የጻፈ አንድ ልጅ ተመርጦ ሕዝብ ፊት ያነብባል። ለዚህ ብዬ "እዚህ አገር ስላለ፣ ሌላ አገር ስለማይታወቅ ነገር ጻፉ" አልኳቸው። ጌጤ ከሁሉ በኋላ ቀርታ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። "ጋሼ፣ ስለ ጓሳ ሣር ልጻፍ?"

"ጻፊ እንጂ! ግሩም ነው!"

"ሁሉንም ልጻፈው?"

"ሁሉንም።"

ጣቷን ጠረጴዛው ላይ አሸች። "ሰው የማያውቀውንም?"

"የማያውቀውንማ ነው እንጂ የሚጻፈው! የሚያውቀውንማ ምን ብሎ ያነባል?" አልኳት። ያኔ በምን እንደተኮራሁ እኔ አውቃለሁ፤ አንዲት ልጅ ትምህርቴን እንዲህ ስትረዳው! የልጅቷን ፊት አላየሁትም። ጥያቄዋን ብቻ ነው ያየሁት።

ጽሑፏን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቀዋለሁ። የዘፈኑ ስንኝ ጠፍቶኝ ይህ እንዴት ቀረ ብትሉ፣ እንጃ። እንዲህ ይል ነበር፤ "የጓሳ ሣር ቀጭን፣ ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። ለገመድ፣ ዝናብ ለሚከላከል ገሳና ለቤት ክዳን ይጠቅማል። የሚታጨደው ከቀትር በኋላ ጉም ሲወርድ ነው፤ ምክንያቱም ጉም ውስጥ ሰው አይታይም። በመጀመሪያ ማጭዱ በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ምክንያቱም ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይሰማል። ሣሩ በአንድ ቦታ አይታጨድም፤ ምክንያቱም መሬቱ ይገለጥና ከሩቅ ይለያል። እየተዘለለ፣ ከዚህም ከዚያም ትንሽ ትንሽ ይታጨዳል። ከዚያ በኋላ በጭድ ተሸፍኖ በሰው ጀርባ ይመጣል። አህያ አይጫንም፤ ምክንያቱም የኮቴ ዱካ ይቀራል። ሲከደን አዲሱ ሣር ከሥር ይደረጋል፣ አሮጌው ከላይ ይመለሳል። በመጨረሻም ዝናብ ሲመጣ ቤቱ አያፈስም፤ ትንንሽ ልጆችም ደረቅ መኝታ ላይ ይተኛሉ።"

እናንተ ስታነቡት ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም! ከአሥር አሥር ሰጠኋት። "ምክንያቱም" የሚለውን ቃል አራት ጊዜ በቦታው ማስገባቷን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ጓሳ ዝግ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ ለዓመታት ተዘግቶ እንደሚቆይ፣ ሽማግሌዎቹ በቀጠሩት ቀን ሁሉም ማጭዱን ይዞ አንድ ላይ እንደሚገባ ሰምቻለሁ። ግን የቆላ ሰው ነኝ፣ ዝግ የሚባለው ለከብት ይመስለኝ ነበር። ደሀውም ባለጠጋውም ቤቱን የሚከድነው በዚያ ሕግ እንደሆነ፣ አንዱ ሰርቆ ካጨደ ሌላው ሊሰርቅ፣ ከዚያም ጓሳ በሁለት ዓመት ባዶ ሜዳ ሊሆን እንደሚችል የነገረኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስለ ጓሳ የማውቀው ጉሙንና ብርዱን ብቻ ነበር።

የወላጆች ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ወላጆች ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሽማግሌዎች ከክፍል የወጣ ዴስክ ላይ፣ ከፊት። በመካከላቸው አባባ ኃይለ ሚካኤል ነበሩ፤ የጓሳ ነገር የሚታየው በእሳቸው ነው፤ ነጭ ጋቢ ላይ በርኖስ የደረቡ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ጆሯቸው ግን የሚሰማ። ጌጤ ታጥቦ በለሰለሰ የአቡጀዲ ቀሚስ፣ በአረንጓዴ ኮንጎ ጫማ ወጣች። ቀይ ክር ፀጉሯ ላይ አስራለች። "ጉም ሲወርድ ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ቆመች። አባቷን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ፈርታ መስሎኝ ራሴን ነቅንቄ፣ ፈገግ ብዬ፣ "ቀጥይ፣ ጎበዝ!" አልኳት። ቀጠለች። መምህሯ ቀጥይ ካላት ምን ታድርግ? እየቀጠለች በሄደች ቁጥር ሰዉ ጸጥ አለ። ሳሉ፣ ሹክሹክታው ሁሉ ቆመ። እኔ ደግሞ ይህን ጸጥታ አድናቆት ነው ብዬ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ጨርሳ ወረቀቷን ስታጥፍ ያጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጠጠጠ፣ ጠጠጠ፣ ብቻዬን።

አባባ ኃይለ ሚካኤል ዱላቸውን ተደግፈው "መምህር፣ ደግ አስተምረሃል" አሉ። "ይህን ነገር ከመጽሐፍ ነው አይደል የሰጠሃት?"

"አይደለም አባባ!" አልኩ።

"የሌላ አገር ነገር ይሆናላ። መጽሐፉ ላይ ይኖራል።"

መርሻ ከኋላዬ በርኖሴን ጎተተኝ። እኔ እጁን መታሁት። "አባባ፣ ከመጽሐፍ አንድም ቃል የለበትም! ከራሷ ነው። እኛ የምናስተምራቸው በዓይናቸው ያዩትን እንዲጽፉ ነው" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሁሉም እንዲሰማልኝ። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ በር ከፈቱልኝ፤ ሁለቴም እኔው ዘጋሁት። አንገታቸውን ደፉና "እንግዲያው ምን ይደረጋል" አሉ። ጋሽ ንጋቱ ከሕዝቡ መካከል ተነሡ፤ ማንንም ሳያዩ፣ ቀስ ብለው፣ ከግቢ ወጡ። ጌጤ ወረቀቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ሕዝቡ ሲበተን መርሻ ክፍል ውስጥ አስገብቶኝ በሩን ዘጋና ሁሉንም ነገረኝ። ክው አልኩ። "አሁን ስማኝ" አለኝ። "ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሽማግሌዎቹ የንጋቱን ክዳን ሊያዩ የሚሄዱት ሰኞ ነው። ነገ ከቅዳሴ በኋላ አባባ ኃይለ ሚካኤል ዘንድ ሂድና 'እኔ ነኝ የነገርኳት፣ ለመልመጃ ብዬ የፈጠርኩት ነው' በል። እሳቸው ይህንኑ ነው የሚፈልጉት፤ ንጋቱን ማዋረድ አይፈልጉም። ሕዝብ ፊት ስለተነገረ ግን ዝም ማለት አይችሉም።"

"ውሸት ልናገር?" አልኩት። ሐቀኛ መስዬ!

ሐቅ አልነበረም የያዘኝ፤ ልንገራችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ግምገማ ነበረብን። የዚያን ዘመን ግምገማ ያየ ያውቀዋል፤ ሰው መድረክ ላይ አቁሞ እንደ ሽንኩርት መላጥ ነው። የደረጃ እድገቴ ደግሞ በዚያው ግምገማ የሚወሰን ነበር። "መምህሩ ሕፃናትን የሣር ስርቆት አስተማረ" ሲባል ታየኝ። የሚነሡት እጆች ታዩኝ። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ፣ ሽማግሌው ከፊቴ ሲወጡ አየኋቸው። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆም ብለው ዞር አሉ፤ እኔን እየጠበቁ እንደነበር አሁን እምላለሁ። ጫማዬን ለማሰር አጎነበስኩ። ክሩን እያሰርኩ፣ እየፈታሁ፣ እያሰርኩ ቆየሁ። ቀና ስል ሄደዋል።

ሰኞ ሄዱ። አሮጌውን ክዳን ገለጥ ሲያደርጉ ሥሩ አዲስ ሣር፣ ልክ ተጽፎ እንደነበረው። ድሮ ሰርቆ ያጨደን ሰው ቤት ያቃጥሉት ነበር አሉ፤ በኛ ጊዜ ክዳኑን ማውረድ ብቻ ሆኗል። የሚያወርደው ታዲያ ባዳ አይደለም፤ ሕጉ የገዛ ዘመድ እንዲያወርደው ነው። የጋሽ ንጋቱ ታናሽ ወንድም መሰላል አቁሞ ወጣ። እያለቀሰ ነው እየነቀለ የሚወረውረው። ጋሽ ንጋቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያያሉ፤ አልካዱም፣ አልለመኑም። እኔ ከአጥሩ ውጭ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ የመንዝ የሰኔ ዝናብ፣ በረዶ የተቀላቀለበት፣ ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ ወረደ። መደቡም፣ ጎታውም፣ የልጆቹ አጎዛም ረጠበ። ጌጤ ሁለቱን ሕፃናት ዝተት ሥር አቅፋ ወደ አጎቷ ቤት ስትሄድ በአጠገቤ አለፈች። "ጋሼ" አላለችኝም። በዚያ ሳምንት ግምገማው ተደረገ፤ ስለ ጽሑፉ የጠየቀኝ አልነበረም። በአድናቆት አለፍኩ። እድገቱንም አገኘሁ።

መስከረም ላይ ልጆቹን ይዤ አምስተኛ ክፍል ገባሁ፤ ሦስተኛው ዴስክ ባዶ ሆነ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፤ ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ጋሽ ንጋቱ ዘንድ ሄድኩ። ግማሽ ቤት ከድነው ነበር፣ በገብስ ጭድ። ተነሥተው ተቀበሉኝ፤ ወንበር አወጡልኝ፤ ቆሎ አቀረቡልኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሽ ንጋቱ፣ ልጅቷን ይላኳት። ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ፣ እንደ ምንም።

"የርስዎ ምን ጥፋት አለ? ያጨድኩት እኔ ነኝ። አብራኝ ጨርቁን የጠቀለለች እሷ ናት።" ቆሎውን ወደኔ ገፋ አደረጉት። "አልመታኋትም፣ መምህር። አንድ ቀን እጄን አላነሣሁባትም። እኔ እንኳን ሂጂ ብያት ነበር።"

"ታዲያ?"

"እሷ ናት እምቢ ያለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዕር ስታይ ትሸሻለች። ደብተሯንም አላውቅም፣ የት እንዳደረገችው።" ከዚያም "ይብሉ እንጂ" አሉኝ።

ጌጤ ከጓዳ ውስጥ ነበረች፤ ስትፈጭ የወፍጮው ድምፅ ይሰማኛል። ልጠራት አስቤ ተውኩት። ምን ልላት? ሕዝብ ፊት ወጥቼ "እኔ ነኝ" ማለት ያኔም ይቻል ነበር፤ ክዳኑን ባይመልስ ልጅቷን ይመልሳት ነበር። ቆሎውን ዘግኜ፣ አመስግኜ፣ ወጣሁ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዝውውር ጠይቄ ቀየት ወደሚባል ሌላ ቦታ ሄድኩ። መርሻ ሲሸኘኝ "የቆላ ሰው" አላለኝም፤ በስሜ ነው የጠራኝ።

ያን ገላጭ ጽሑፍ ግን ማስተማሬን አላቆምኩም። ሌላ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ሌላ አራት ጥያቄ። ልጆቹ በዓይናቸው ያዩትን ሲጽፉ ከሁሉ በፊት ለብቻዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ አንዳንዱን ገጽ ቀድጄ ለልጁ መልሼ "ይህን ለራስህ አስቀምጠው" እላለሁ። አሁን የልጅ ልጄ ከስልክ ገልብጣ "የአንበሳ ባሕርያት" ብላ ታመጣለች፤ አንበሳ አይታ አታውቅም። አስተማሪዋ ከአሥር አሥር ይሰጣታል። ልቆጣ እልና፣ የኔን አሥር ከአሥር አስታውሼ አፌን እይዛለሁ።

ብዙ ዓመት አለፈ። ለገበሬው የመሬት ይዞታ ደብተር ሲሰጥ፣ ባልም ሚስትም ፎቶ ተነሥተው ሲፈርሙ፣ እኛን መምህራኑን ለጽሕፈት መደቡን። ቀየት አጠገብ አንድ የቀበሌ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቼ ስም ስመዘግብ ዋልኩ። "ስም?" እላለሁ ቀና ሳልል። "የአባት ስም?" እላለሁ። ከቀትር በኋላ አንድ ድምፅ "ጌጤ" አለ። "ንጋቱ" አለ። እስክሪብቶዬ ቆመ።

ቀና አልኩ። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ ወደዚህ አገር ተድራ መጥታ ኖሯል። አባቷን መስላለች፣ ረጅም፣ ቀጭን። ባሏ ከጎኗ ነው፤ እሱ ስሙን በትላልቅ ፊደል፣ እያላበው፣ ግማሹን ከመስመር አስወጥቶ ፈረመ። እስክሪብቶውን ለሷ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አጥልቃ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

"አንቺ እኮ መጻፍ ትችያለሽ" አልኳት።

"አልችልም፣ ጋሼ" አለች።

ባሏ ሳቀ። "ኧረ እሷ ብዕርም ይዛ አታውቅ!" አለ። አሥር ዓመት አብሯት ኖሮ አያውቅም ነበር። እሷም አላረመችውም። ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ቀስ ብላ ጠረገች። ቀሚሷን ይዛ የቆመች ሴት ልጅ ነበረቻት፣ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ፊደል በፊደል የሚለቅም።

"ልጄ ናት። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች" አለችኝ ጌጤ። "እርስዎ ካሉበት ትምህርት ቤት ነው አሉኝ።"

"አዎ፣ እዚያ ነኝ።"

ጎንበስ አለች፤ ባሏ እንዳይሰማት ነው መሰለኝ። ቂም አልነበረባትም፤ ቂም ቢኖርባት ይቀለኝ ነበር። ልጇን አደራ የምትል እናት ብቻ ነበረች።

"አደራዎን ጋሼ፣ ማንበቡን ያስተምሩልኝ" አለችኝ። "መጻፉ ግን ይቅርባት።"

ዕድሜ ልኬን ልጆችን "ጻፉ" እያልኩ የኖርኩት ሰውዬ "እሺ" አልኳት።